ዘጠና ሰባት ነጥብ ለማን ሰጠሁ?

ይህ የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ ላይ፣ በሁለት ጆሮዬ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የደረሰ ነው።

ባታምኑኝ አልቀየምም። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቻናል ላይ ስለምትናገር ድመት ተጽፎ አራት ሺህ ሰው "ኧረ በስመ አብ!" ብሏል። ድመቷን ያመነ ሕዝብ እኔን ቢጠራጠር ክብሬ አይነካም።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ወሩ ኅዳር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል።

አዎ፣ በቀን። እኩለ ሌሊትና መቃብር የምትፈልጉ ወደ ድመቷ ተመለሱ።

ቦታው ዮርክሻየር፣ ሃርክሊፍ የምትባል መንደር ነው። የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ የቀራት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንድ መጠጥ ቤትና አንድ የነሐስ መለከት ባንድ። ሁለቱም ውስጥ የምታገኙት ያንኑ ሰው ነው።

ማልኮም እባላለሁ። እዚያው ተወልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሙዚቃ ተምሬ፣ መንደሩን ለመናቅ የሚያበቃ ወረቀት ይዤ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ አሮጌ መለከቶችን መገምገም ነው። አያለሁ፣ እነፋለሁ፣ ከዚያ "ይሄ ይነፋል" ወይም "ይሄ አበባ ይተከልበት" እላለሁ።

ብዙውን ጊዜ አበባ ነው።

መንደርተኛው "ፕሮፌሰር" ይለኛል። አክብሮት እንዳይመስላችሁ።

የጠራኝ የባንዱ መሪ ሚስተር ክራብትሪ ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ባንዱንም የሚመራው እንደ አውቶቡስ ነው፤ ማንም ይሳፈር፣ ማንም ይውደቅ፣ እሱ ሰዓቱን ጠብቆ ይነዳል።

ችግራቸው ፍሉገልሆርን ነበር።

ለማታውቁት፣ ፍሉገልሆርን ማለት ትራምፔትን ቅቤ እያበላችሁ ብታሳድጉት የሚሆነው ነገር ነው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ሰፋ፣ ድምፁ ለሰለሰ። በእኛ አገር ባንድ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው። አንድ ወንበር፣ አንድ ሰው።

በሃርክሊፍ ያ ሰው ሊኔት ነበረች።

ሊኔት የክፍል ጓደኛዬ ናት። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። ያንን ወንበር ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣበታለች። መለከቷን ግን ባለፈው እሑድ ከበሮ መቺው ቫኑን ወደ ኋላ ሲነዳ ጨፈለቀባት። ከበሮ መቺ ነው፤ ከፊቱ ያለውንም በደንብ አያይም።

ቅዳሜ ደግሞ ውድድር ነው። በመሃል ሊኔት ብቻዋን የምትነፋው አንድ ደቂቃ የሚሆን ክፍል አለ። ደህና መለከት ካልተገኘ ሚስተር ክራብትሪ ከጎረቤት ሸለቆ ሌላ ነፊ ሊያስመጣ ነው።

በባንድ ቤት ወንበር አንዴ ከለቀቅህ ለቀቅህ ነው። የመጣው ሰው አይነሳም።

በባንዱ አዳራሽ በር ላይ ጠብቃኝ እጄን ያዘች።

"ማልኮም፣ ከሦስቱ አንዱን አሳልፍልኝ።"

"ጥሩ ከሆነ ያልፋል።"

"ያን ወንበር ካጣሁ እኮ ድንች የምትልጥ ሴት ብቻ ነኝ።"

ይህን ያለችው ራሷ ናት። እኔ አሰብኩት እንጂ አልተናገርኩትም።

ሦስት መለከት ነበር። አንዱ ከጎረቤት መንደር የተዋሱት፣ አንዱ ጀማሪዎች የሚማሩበት። ሦስተኛው ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳይነፋ የኖረ፣ በጥቁር ሻንጣ የተቆለፈ አሮጌ ነበር። ባለቤቱ ኢኖክ አክሮይድ የሚባል ከሰል ቆፋሪ ነው። ሚስቱ በዚያው ወር በዘጠና አራት ዓመቷ ስትሞት ሻንጣው ከአልጋዋ ሥር ተገኘ።

ይህን ስሰማ ሳቅሁ። ከአልጋ ሥር የሚገኝ መለከት ሁሉ ያው ነው። ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ የእሳት እራት፣ ብዙ ታሪክ።

"በዳኛ ድንኳን ነው የምፈትነው" አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ውድድር ዳኛ ባንዱን አያይም። በመጋረጃ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲዘጋጅ አንዴ ፊሽካ ይነፋል፣ ከውጪ ይነፉለታል፣ ነጥቡን ይጽፋል። ማን እንደነፋ አያውቅም። የጻፈውንም አይሰርዝም። በእኛ ሸለቆ ሚስቱን ጥሎ የሄደ ሰው ይቅር ይባላል። ነጥቡን የሰረዘ ዳኛ ግን ልጆቹም አይድኑም።

ድንኳኑን የፈለግሁት "ለክፍል ጓደኛው አደላ" እንዳይባል ነው። ለፍትሕ አይደለም። ለስሜ ነው።

ሚስተር ክራብትሪ ጫማ እንዳይሰማ ምንጣፍ አነጠፈ። እኔ ከሻዬ፣ ከወረቀቴና ከእርሳሴ ጋር ገባሁ። መጋረጃው ተዘጋ።

"ቅደም ተከተሉን እኔ እመርጣለሁ" አለኝ ከውጪ። "ከአሁን በኋላ ቃል የለም።"

"ቃል የለም።"

ፊሽካ።

የመጀመሪያው ተነፋ። አንድ ረጅም ድምፅ፣ ከዚያ ወጣ ወረድ፣ ከዚያ የውድድሩ ክፍል። "በሩ ላይ ጅራቷ የተያዘ ላም። ሃምሳ አራት" ብዬ ጻፍኩ።

ፊሽካ።

ሁለተኛው ትንሽ ይሻላል። "ይቺው ላም፣ በሩ ተከፍቶላት። ስልሳ ስምንት።"

ሁለቱም ላይ ሊኔት በመሃል ስታለከልክ ሰማኋት። ትንፋሿ አጭር ነው። ደረጃ ስትወጣም እንደዚያው ናት።

ከዚያ ዝምታ ሆነ።

ጠበቅሁ። ሻዬን ጠጣሁ።

ፊሽካ ነፋሁ።

ምንም።

በሩ አካባቢ የሆነ ነገር ጠቅ አለ... ከዚያ ጸጥ። ሻንጣ የሚከፍቱ መሰለኝ። ሁለት የመንደር ሰዎች አንድ ሻንጣ ለመክፈት ስንት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል እያልኩ እንደገና ነፋሁ።

ያን ጊዜ... ትንፋሽ ሲሳብ ሰማሁ።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከጉልበቴ አንድ ክንድ እንኳ የማይርቅ።

ረጅም ነበር።

አሁን ያቆማል አልኩ። አላቆመም።

አሁንስ... አላቆመም። አዳራሹን ሙሉ የሚጠጣ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ነፋ።

እንግዲህ እኔ በሙያዬ አሥር ዓመት ከሰማንያ ስምንት በላይ ሰጥቼ አላውቅም። ሰው ሲያለቅስ አይቼ "አፍንጫህን ጥረግ" የምል ሰው ነኝ። ያ ድምፅ ግን... ሞቃት ነበር። ጫፍ የለውም። የት እንደጀመረ አታውቁም። አንድ ሰው ከጀርባችሁ መጥቶ ካፖርት ሲያለብሳችሁ ዓይነት ነው።

እርሳሴ ራሱ ጻፈ። ዘጠና ሰባት። ፈረምኩበት።

ከፈረምኩ በኋላ ነው ሰዓቴን ያየሁት።

ያች አንዲት ድምፅ ሁለት ደቂቃ አልፏታል።

ሊኔት? ሃያ ሰከንድ የማትችለዋ ሊኔት?

አልተቋረጠም። ወደ ወጣ ወረዱ ሄደ። ወደ ውድድሩ ክፍል ገባ። አንዴ እንኳ አልተነፈሰም።

ከዚያ መጋረጃውን አየሁ።

ሰው ፊት ለፊቱ መለከት ሲነፋበት መጋረጃ ወደ ውስጥ፣ ወደ እኔ ነው መገፋት ያለበት። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።

መጋረጃው ወደ ውጪ ተስቦ ነበር።

በቀስታ... ጨርቅ አፍ ላይ እንደሚጣበቅ፣ ወደዚያ ወደሚነፋው ነገር ተስቦ ቆሟል። የሻዬ እንፋሎትም ዘንበል ብሎ ወደዚያው ይሄዳል።

ሙዚቃው አለቀ።

መጋረጃው ረገበ።

"ሊኔት?" አልኩ በሹክሹክታ። ቃል የለም የተባለውን ረስቼ።

ብድግ ብዬ መጋረጃውን ገለጥኩ።

አዳራሹ ባዶ ነው።

ሁለቱ መለከቶች ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ከፊቴ አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ጥቁሩ ሻንጣ። ቁልፉ... እንደተቆለፈ።

የውጪው በር ተንቋቋና ሚስተር ክራብትሪ ጠመንጃ መፍቻ ይዞ ገባ። ሊኔት ከኋላው፣ ጉንጮቿ በብርድ ቀልተው።

"አንተ ልጅ፣ ፊሽካውን ምን አስቸኮለህ?" አለኝ። "ቁልፉ እምቢ ብሎን መፍቻ ልናመጣ ወጥተን ነበር። እስከ መጋዘኑ ድረስ ይሰማል እኮ!"

"ሌላስ ምን ሰማችሁ?"

"ሌላ ምን አለ?"

አየኋቸው። ሁለቱንም ደህና አድርጌ አየኋቸው። እነዚህ ሰዎች ቀልድ ማቀድ አይችሉም። የዓመቱን የእራት ግብዣቸውን እንኳ ማቀድ አይችሉም፤ ባለፈው ጊዜ ለአርባ ሰው ስድስት በሊጥ የተጠቀለለ የአሳማ ሥጋ ፓይ ነው ያዘዙት።

ቢሆንም ቀልድ ነው ብዬ ወሰንኩ። ሌላው አማራጭ አልጣመኝም።

"ቴፑን የት ደበቃችሁት?"

"የምን ቴፕ?" አለች ሊኔት።

"ከበሮ መቺው ነው አይደል? የት ነው ያለው?"

"ማልኮም፣ ደህና ነህ? ፊትህ ነጭ ሆኗል።"

"ፊቴ ሁሌም ነጭ ነው። ሻንጣውን ክፈቱ።"

ሚስተር ክራብትሪ ተንበርክኮ ቁልፉን ይነቀንቅ ጀመር። እየነቀነቀም ያወራል። ሹፌር ነው፤ እጁ ሥራ ከያዘ አፉ አያርፍም።

"ኢኖክን ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ። ሳንባው ከሰል ብቻ ነበር። ከቤቱ እስከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ሦስቴ ይቀመጥ ነበር። መለከቱን ሲያነሳ ግን..."

"ሲያነሳ ምን?"

"ሲተነፍስ አይተነው አናውቅም።"

"ተረት ነው" አልኩ።

"ተረት በለው። የባንድ መለከት የወንበሩ ነው፣ የሰው አይደለም። ሰው ሲሞት ከቀብሩ በፊት ይመለሳል፣ ሕጋችን ነው። ሚስቱ ግን እምቢ አለች። አባቴ ሊጠይቃት ሄደ። በሩን ሳትከፍት፣ 'ወንበሩን ለፈለጋችሁት ስጡ፣ ይሄን ግን ለጠላቴም አልሰጥም' አለችው።"

"ስስታም ነበረች በሉኛ።"

"ስስታም ከሆነች ለምን አልሸጠችውም?"

ቁልፉ ተሰበረ።

ሻንጣው ውስጥ ያለው ቬልቬት በስብሶ እንደ ሻይ ቅጠል ረግፏል። ሽታው የቆየ ምድር ቤት ነው። መለከቱ ግን... ያበራል። አንድ ሰው ዛሬ ጠዋት የወለወለው ይመስላል።

አነሳሁት። የሚነፋበትን የአፉን ጫፍ በጣቴ ነካሁ።

ሞቃት ነበር።

ገልብጬ የምራቅ ማፍሰሻውን ከፈትኩ። ሦስት ጠብታ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ሚስተር ክራብትሪ ጠብታዎቹን በጫማው ጠረጋቸው። ወለሉን ያጸዳው እሱ ራሱ ነበርና።

አሁን አስተዋይ ሰው ይወጣል። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ከአስተዋይ የሚለየው የማይገባውን ነገር አፉ ውስጥ በመክተቱ ነው።

ለአሮጌ መለከት የምናደርገው ቀላል ፈተና አለ። በጣት የሚጫኑትን የመለከቱን ቁልፎች እስከ ግማሽ ተጭነህ የአየሩን መንገድ ትዘጋለህ፣ አየሩን በአፍህ ትስባለህ፣ ከዚያ ቀዳዳውን በምላስህ ጫፍ ትደፍናለህ። ጤነኛ ከሆነ ምላስህን ሁለት ሦስት ሰከንድ ይዞ ይለቃል። ያረጀ ከሆነ ወዲያው ይለቃል።

ሳብኩ። ደፈንኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ያዘ።

አምስት። ስድስት።

አለቀቀም።

ስምንት ላይ... ሳበኝ።

እኔ አይደለሁም የሳብኩት። እሱ ነው። ከምላሴ አልፎ፣ ከጉሮሮዬ አልፎ፣ ከደረቴ ሥር ካለው ቦታ አየሩ ይወጣ ጀመር። ላለመስጠት ሞከርኩ። ትንፋሽን ላለመስጠት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? መያዣ የለውም። ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። ጆሮዬ ውስጥ የራሴን ደም ሰማሁ።

"ማልኮም! ምን እየሆንክ ነው?"

ሊኔት መለከቱን ከእጄ ነጠቀችው። እንደ ጠርሙስ ክዳን ጷ ብሎ ተላቀቀ።

ከዚያ ከመለከቱ ሰፊ አፍ ውስጥ... በጣም በቀስታ... የተጠማ ሰው ጠጥቶ ሲጨርስ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ወጣ።

"እህህ..."

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ሚስተር ክራብትሪ።

ሁለቱም ያዩኛል። ተንበርክኬ አየር እለቅማለሁ።

"ቁልፎቹ..." አልኩ። "ቁልፎቹ አየር አያስወጡም።"

በሙያ ረገድ ትክክል ነበር።

ሊኔት ግን እኔን መስማት አቁማለች። ድንኳኑ ውስጥ ወንበሬ ላይ የተውኩትን ወረቀት አይታለች። አንስታ አነበበች።

"ዘጠና ሰባት?"

"ሊኔት፣ ስሚኝ..."

"ለሦስተኛው ዘጠና ሰባት ሰጥተሃል? ፈርመህ?" ከዚያ ቆም አለች። "ግን እኮ ገና አልነፋሁም።"

አያችሁ፣ በሩ እዚህ ጋ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያስፈልገው። "ባዶ አዳራሽ ሲነፋ ሰምቼ ነው፣ ይሄን ነገር ቅበሩት" ማለት።

ሚስተር ክራብትሪ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያየኛል። ነገ ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ የሚወራው ታየኝ። ፕሮፌሰሩ ለባዶ ወንበር ዘጠና ሰባት ሰጠ! ከዚያም ፈርቶ ሰረዘው! ለሃያ ዓመት ይነገራል። መቃብሬ ላይ ይጻፋል።

"ሻንጣው ሳይከፈት ነው ያወቅሁት" አልኩ ቀና ብዬ። "የዚህን ሠሪ ሥራ አውቀዋለሁ። ባለሙያ ማለት ይሄ ነው።"

አመኑኝ።

መንደርተኛን ለዚህ ነው የምንቀው። ያምናል።

ሊኔት አቀፈችኝ። አለቀሰች። "ወንበሬን አዳንክልኝ" አለች ጆሮዬ ሥር።

"የተዋሳችሁትን ውሰጂ" አልኳት በሹክሹክታ። "ሁለተኛውን። እባክሽ።"

"ስልሳ ስምንት የሰጠኸውን?"

"እሱም... ደህና ነው።"

"እኔ ስልሳ ስምንት ስሆን ኖሬአለሁ ማልኮም።" ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "አንዴ ዘጠና ሰባት ልሁን።"

መለከቱን ወደ አፏ አነሳችው።

ሙዚቃው ያው ነበር። ያ ካፖርት የሚያለብስ ድምፅ። ሚስተር ክራብትሪ ዓይኑን ጨፈነ፣ አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ትከሻዋን አየሁ። ነፊ ሲተነፍስ ትከሻው ከፍ ይላል፤ የሊኔት ደግሞ ሁሌም እንደ ውሃ መሳቢያ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው።

እስከ መጨረሻው... አልተንቀሳቀሰም።

ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። ደህና ዋሉ አላልኩም።

ቅዳሜ እንደማልሄድ ለራሴ ነገርኩት። ሄድኩ።

አሸነፉ። በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ዳኛው ከድንኳኑ ሲወጣ መሐረብ ይዞ ነበር። ስለ ፍሉገልሆርኗ ሲናገር ድምፁ ተቆረጠ። በሌላ ቀን ቢሆን እኔ "አፍንጫህን ጥረግ" እለው ነበር።

ውጪ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ይጮኻል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከበሮ መቺው ፓይ እየበላ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። ሚስተር ክራብትሪ ዋንጫውን እንደ መሪ ይዞ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ያዞረዋል።

ሊኔት መሃል ላይ ቆማለች። መለከቱን በብብቷ ይዛ፣ ሰፊ አፉ ወደ እኔ ዞሮ።

ቀረብኳት።

"እንዴት ነሽ?"

"በሕይወቴ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም!" አለች። "ደረጃውን ሮጬ ነው የወጣሁት፣ ታምናለህ? ሮጬ!"

"ትንፋሽሽስ?"

"የምን ትንፋሽ?"

በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ሲያወራ፣ ሲስቅ፣ ሲሳደብ፣ ከአፉ ነጭ ጉም ይወጣል። ከእኔም። ከከበሮ መቺውም፣ ከነፓዩ።

የሊኔትን አፍ አየሁ። እያወራች ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ምንም አይወጣም።

ከዚያ ዝቅ ብዬ ከብብቷ ሥር አየሁ።

ከመለከቱ አፍ ቀጭን ነጭ ጉም ወጣ... ቆመ... ተመልሶ ገባ... ወጣ።

"ምን አፈጠጥክ?" ብላ ሊኔት ሳቀች።

ጉሙም በሳቋ ልክ፣ ከመለከቱ ውስጥ፣ እየተቆራረጠ ወጣ።